ፓስቸራይዘሩ 72 ዲግሪ አልደርስ ሲል፦ ስለ ፕሌት እጥበትና ምርመራ ለኮምቦልቻ ጠያቂዎች የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ያለ አነስተኛ የወተት ማቀነባበሪያ 60 ፕሌት ያለው ፓስቸራይዘር አለው፤ ይህ ወተቱን ፕሌት በሚባሉ ስስ የስቴንለስ ብረቶች መሐል እያሳለፈ የሚያሞቅ መሣሪያ ነው። ሙቅ ውሃው እንደ ድሮው እየመጣ ወተቱ 68 ወይም 69 ዲግሪ ላይ ይቆማል፤ 72 አይገባም። ከፕሌቶቹ ጠርዝም ጠብታ መታየት ጀምሯል። አንድ ሰው «ፍቱትና በሙሪያቲክ አሲድና በሽቦ ብሩሽ ፈትጉት» ብሏቸዋል። ይህ ያዋጣ እንደሆነ፣ የተበሳ ፕሌት እንዴት እንደሚለይ፣ ቡሎኑም እስከ ምን ድረስ እንደሚጠብቅ ይጠይቃሉ።

አብሽሩ፤ ከጻፋችሁት ውስጥ ፕሌቶቹ አልቀዋል የሚያሰኝ ነገር የለም። ሙሪያቲክ አሲዱንና የሽቦ ብሩሹን ግን ዛሬውኑ ከክፍሉ አውጡ። ሙሪያቲክ ማለት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው፤ ክሎራይድ አለበት። የስቴንለስ ፕሌት ዝገት የማይነካው ላዩ ላይ ባለችው በዓይን በማትታይ ስስ ሽፋን ነው፤ ክሎራይድ ያችን ሽፋን ነጥብ ነጥብ አድርጎ ይበሳታል። ብዙዎቹ ፕሌቶች ውፍረታቸው ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንዴ የተጀመረ ቀዳዳ ሩቅ አይሄድም፣ ማዶ ይወጣል። የሽቦ ብሩሹ ደግሞ ፕሌቱን ከመጫሩም በላይ ብናኝ ብረት ጥሎበት ይሄዳል። ያ ብናኝ ሲዝግ ከሥሩ ያለውን ስቴንለስም ይዞት ይገባል። ጭረቱ ውስጥ የሚቀረውን ወተት ደግሞ ሲአይፒ፣ ማለት መሣሪያው ሳይፈታ ማጽጃ በውስጡ እያዞሩ የሚደረገው እጥበት፣ በቀላሉ አያወጣውም።

ቡሎን ከመንካታችሁ በፊት ቆሻሻው በየትኛው ፊት እንዳለ እወቁ። ይህ ከሁሉም በላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚስተውም እዚህ ላይ ነው። ፕሌት ሁለት ፊት አለው፤ በማሞቂያው ክፍል በአንደኛው ወተት፣ በሌላኛው ሙቅ ውሃ ያልፋል። በየቀኑ የምታዞሩት ኮስቲክ ሶዳና አሲድ የሚሄደው በወተቱ በኩል ብቻ ነው። የውሃውን ፊት የሚያጥበው የለም። በወራትና በዓመታት የኖራ ቅርፊት ይጋገርበታል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምታዩት ያው ነጩ ነገር ነው። ቅርፊቱ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከስቴንለሱ ብዙ ያነሰ ስለሆነ ስስ ሆኖም ጥቂት ዲግሪ ያስቀራል።

መለያው ቀላል ነው። ጠዋት ከሲአይፒ በኋላ ወተቱ 72 ደርሶ ከሰዓታት ሥራ በኋላ እየወረደ ከሄደ፣ ከፓምፑ ቀጥሎ ያለው የግፊት መለኪያም አብሮ ከወጣ፣ ችግሩ በወተቱ በኩል የተጋገረ ፕሮቲንና የካልሲየም ፎስፌት ነው። ጠዋት ገና ሲነሳም 69 ላይ ከቆመና የወተቱ ግፊት ካልተለወጠ ግን ውሃው በኩል ነው። የእናንተ ገለጻ ወደ ሁለተኛው ያደላል። ከዚህ በፊት ግን ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛ፣ የወተቱ ፍሰት ሳይታወቅ ጨምሮ እንደሆነ በባልዲና በሰዓት ለኩ። ሁለተኛ፣ ቴርሞሜትሩን ፈትሹ፤ በረዶና ውሃ በተቀላቀለበት ውስጥ 0 ማሳየት አለበት። በፈላ ውሃ የምትፈትሹ ከሆነ ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ደሴ ላይ ደግሞ 92 ገደማ። «100 ማለት አለበት» ብሎ ቴርሞሜትሩን ያዞረ ሰው 6 ዲግሪ አሳስቶታል፤ ከዚያ በኋላ 72 ብሎ የሚያሳየው ወተት በእውነቱ 66 ነው።

እስኪስተካከል ድረስ 68 እና 69 ላይ ያለውን ወተት እንደ ተፓስተረ አትቁጠሩት። ሕጉ 72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ነው፤ መላሹ ቫልቭ ወደ ጥሬው ታንክ መመለሱ ትክክል ስለሆነ ማንም በእጁ እንዳያስከፍተው።

ጠብታውን ደግሞ ሳትነኩ በባትሪ ተመልከቱት። በፕሌቱ ማዕዘን ባለው ቀዳዳ ዙሪያ ጋስኬቱ (በፕሌቶቹ መሐል ያለው የጎማ ማሸጊያ) ድርብ ነው፤ በሁለቱ መሐል ወደ ውጭ የሚያወጣ ትንሽ ክፍተት አለ። ክፍተቱ የተሠራው አንዱ ጋስኬት ሲደክም ፈሳሹ ከሌላው ጋር ሳይቀላቀል ወደ ውጭ እንዲንጠባጠብ ነው። ስለዚህ ከዚያ የሚወርድ ጠብታ ጋስኬት መሞቱን እንጂ ፕሌት መበሳቱን አይነግርም። መሣሪያው ሲቀዘቅዝ ጠብቶ ሲሞቅ የሚተው ከሆነ ጎማው ደርቋል ማለት ነው። የተበሳ ፕሌት ወደ ውጭ አይንጠባጠብም፤ የሚያፈስሰው ወደ ውስጥ ነው፤ አደገኛነቱም ለዚህ ነው። ምልክቱን የምታገኙት ሌላ ቦታ ነው፦ የሙቅ ውሃው ማጠራቀሚያ ደፍርሶ ወተት ወተት ይሸታል፣ ወይም የበረዶ ውሃው ይነጣል፣ ወይም ወተቱ ውሃ ገብቶበት የላክቶሜትሩ (የወተት እፍጋት መለኪያው) ንባብ ይወርዳል።

እጥበቱን ሳትፈቱ ጀምሩ። ከውሃው ፊት ቅርፊት የምታገኙ ከሆነ፣ ከመገጣጠሚያው ቧንቧ ላይ ትንሽ ስባሪ ወስዳችሁ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ከፈላ የኖራ ቅርፊት ነው። ካልፈላና ቢጫማ፣ እንደ ስፖንጅ ለስላሳ ከሆነ ፕሮቲን አለበት፤ እሱ አሲድ ሳይሆን መጀመሪያ ኮስቲክ ይፈልጋል። ይህን ቅደም ተከተል መገልበጥ ችግር ያመጣል፤ ትኩስ አሲድ ፕሮቲኑን ያረጋውና ፕሌቱ ላይ ያጣብቀዋል።

ለውሃው ፊት ሲትሪክ አሲድ ተጠቀሙ። የሙቅ ውሃውን ዑደት ከቦይለሩና ከብረት ቧንቧው ለዩት፤ አሲዱ ፕሌቱ ውስጥ ብቻ ይዙር። ፕላስቲክ በርሜል፣ አሲድ የሚችል ትንሽ ፓምፕና ሁለት ቱቦ ይበቃል። በ100 ሊትር ውሃ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሲትሪክ አሲድ አሟሟችሁ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ አሙቁ፤ ከዚያ በላይ አትሂዱ። ከተለመደው ፍሰት በተቃራኒ አቅጣጫ አዙሩት፤ የተጠራቀመው ስባሪ በገባበት ይወጣል። የበርሜሉ አፍ ክፍት ይሁን፣ ጋዝ ይወጣል። በየ10 ደቂቃው በፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ወረቀት ለኩ፤ ፒኤቹ ከ4 በላይ ከወጣ አሲዱ ሥራውን ጨርሷል። ቅርፊቱ ብዙ ከሆነ እዚያው ላይ ዱቄት አትጨምሩበት፤ ካልሲየም ሲትሬት የሚባል ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ፕሌቱ ላይ ተመልሶ ይጋገራል። ደፍታችሁ አዲስ አዘጋጁ። አረፋው ሲቆምና ፒኤቹ ለግማሽ ሰዓት ካልተንቀሳቀሰ አልቋል። በንጹህ ውሃ እጠቡ፣ ቀጥሎ 1 በመቶ ቤኪንግ ሶዳ ያለበት ውሃ አሳልፉ፣ ከዚያ እንደገና ውሃ።

ለወተቱ ፊት የተለመደውን ጠንከር አድርጉት። ለብ ባለ ውሃ እስኪጠራ አጥባችሁ፣ 1.5 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ፣ ማለት በ100 ሊትር ውሃ 1.5 ኪሎ፣ ከ75 እስከ 80 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ አዙሩ። ውሃ አሳልፉ። ከዚያ 1 በመቶ ናይትሪክ አሲድ በ60 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ። ገበያ ላይ ያለው 60 በመቶ ከሆነ ለ100 ሊትር 1.2 ሊትር ያህል ይበቃል። ናይትሪክ አሲድ ጠንክሮ ቢዘጋጅ ስቴንለሱን ባይጎዳም ጎማውን ይበላል። ሁልጊዜ አሲዱን ወደ ውሃው ጨምሩ፣ ውሃውን ወደ አሲዱ አይሁን። መነጽርና ረጅም ጓንት ግዴታ ነው። ኮስቲኩ በሚዞርበት ጊዜ ፍሰቱ ቢያንስ ከምርቱ ፍሰት ጋር እኩል፣ ከተቻለ 1.5 እጥፍ ይሁን። ክፍት ታንክ ያላችሁ ከሆነ ሙቀቱን ከ80 አታሳልፉት፤ እኛ ጋ የአየር ግፊቱ 0.8 ባር አካባቢ ስለሆነ ፓምፑ ሙቅ ፈሳሽ ሲስብ ቶሎ አየር ይዞ ይንኳኳል። በረኪና ደግሞ ከማንኛውም አሲድ ጋር በአንድ ክፍል አይገናኝ፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሰው ይገድላል።

የዞረው አሲድና ኮስቲክ አንዱ ለሌላው ማርከሻ ነው፤ በአንድ በርሜል ቀስ እያላችሁ ቀላቅሉና ፒኤቹ ከ6 እስከ 9 ሲገባ ድፉት። እንደወረደ የተለቀቀው ቦርከና ይገባል፤ ከታች ጨፋ ላይ ከብት የሚያጠጣና በመስኖ የሚያለማ ሰው አለ።

ይህን አድርጋችሁ 72 ከገባ መፍታቱ ለጋስኬቱና ለምርመራው ብቻ ይሆናል። ጊዜ ምረጡለት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ የወተት ገበያው የሚቀዘቅዝበት ነው፤ ወሎ ላይ ግን ረመዳን አብሮት የሚውልበት ዓመት ስላለ የማፍጠሪያው ፍላጎት እንዳያጣድፋችሁ ቀኑን አስቀድማችሁ ተመልከቱ። ጋስኬቱ በእጃችሁ ሳይገባ አትፍቱ። ያረጀ ጎማ አንዴ ከተላቀቀ ተመልሶ አይገጥምም።

ስትፈቱ ፓምፑን አጥፉ፣ ቫልቮቹን ቀስ ብላችሁ ዝጉ፣ ከ40 ዲግሪ በታች ይብረድ፣ ሁለቱንም ወገን አፍስሱና ግፊቱ ዜሮ መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ሁለት ነገር አትርሱ። በፕሌቶቹ ጎን ላይ ከላይ እስከ ታች ሰያፍ መስመር በቀለም አስምሩ፤ ስትገጥሙ አንድ ፕሌት እንኳ ቦታ ቢስት መስመሩ ይሰበራል። በሁለቱ የብረት ሳህኖች፣ በቋሚውና በተንቀሳቃሹ መሐል ያለውን ርቀትም በሜትር ለኩና ጻፉ፤ ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች፣ በግራም በቀኝም። ይህ ርቀት መሣሪያው ላይ በተለጠፈው ብረት «ኤ» ተብሎ ትንሹና ትልቁ ተጽፎለታል። ቡሎኖቹን በሰያፍ እያፈራረቃችሁ ጥቂት ጥቂት ፍቱ፤ ሳህኑ በአንድ ወገን ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ አይጋደል። የፕሌት ጠርዝ እጅ ይቆርጣል፤ ወፍራም ጓንት ልበሱ።

የወጣውን ፕሌት ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ፣ ከሥሩ ጨርቅ አንጥፋችሁ አስቀምጡ። አየር ላይ ይዞ መፋቅ ያጣምመዋል፣ የተጣመመ ፕሌት ደግሞ አይጠብቅም። ለስላሳ የናይለን ብሩሽና ሳሙና በቂ ነው። የቀረው ቅርፊት ካልለቀቀ በፕላስቲክ ገንዳ ውስጥ በዚያው የሲትሪክ ውህድ ዘፍዝፉት፤ ጊዜው እንጂ ጉልበቱ አይደለም የሚያነሳው። በግፊት ውሃ የምትረጩ ከሆነ ጋስኬቱ ጎድጓዳ ላይ በቀጥታ አትርጩ። ጋስኬቱ በሙጫ ሳይሆን በመያዣ የገባ ከሆነ ስታወጡት በስክሩድራይቨር አትፈልቅቁ፤ ጎድጓዳው ከተጫረ አዲሱ ጋስኬትም ያፈሳል።

ምርመራው ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ የመፍታቱ ትርፍ እሱ ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱን ፕሌት ደረቅ አድርጋችሁ ጨለማ ክፍል ውስጥ ከጀርባው ጠንካራ መብራት አብሩ፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጥብ ካለ ያ ፕሌት አልቋል። ብርሃን የማያሳልፈውም ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ስንጥቁ እንደ ፀጉር ከሆነና በሰያፍ ከሄደ ብርሃን አይወጣበትም። የት እንደሚጀምር ግን ይታወቃል። አንደኛ፣ የአንዱ ፕሌት ጉብታ የሌላውን በሚነካበት ነጥብ፤ የፕሌቶቹ ጥቅል ላልቶ ከሠራ በፓምፑ ንዝረት እየተፋተጉ ይሳሳሉ፣ ከልክ በላይ ከጠበቀ ደግሞ ይደፈጠጣሉ። ሁለተኛ፣ ጋስኬቱ የሚተኛበት ጎድጓዳ ውስጥ፤ እዚያ የተደበቀ ክሎራይድ በክፍተቱ ተጠልሎ ይበላል። ሦስተኛ፣ በማዕዘኑ ቀዳዳ ዙሪያ፣ አሸዋና ደለል ያለበት ውሃ ሲገባ በሚፈትገው ቦታ። የበረዶ ውሃችሁን ወይም የማቀዝቀዣ ውሃችሁን በሐምሌና ነሐሴ በደለል ውሃ የምትሞሉ ከሆነ ይህ ቦታ ላይ አተኩሩ፤ ወደ ፕሌቱ ከመግባቱ በፊትም ማጣሪያ አድርጉ።

ለጥርጣሬው መልስ የሚሰጠው ቀለም ነው። የብየዳ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ቀይ ሰርጎ ገብ ቀለምና ነጭ ማውጫ በርጭት ቆርቆሮ ይሸጣል። ጋስኬቱ መውጣት አለበት፤ ቀለሙ ዘይት ስላለበት ጎማውን፣ በተለይ ኢፒዲኤም የሚባለው የጎማ ዓይነት ከሆነ፣ ያሳብጠዋል። ፕሌቱን ከቅባት አጽድታችሁ ካደረቃችሁ በኋላ በአንዱ ፊት ብቻ ቀለሙን ርጩ፣ በሌላው ፊት ነጩን ስስ አድርጋችሁ ርጩ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቁ። በነጩ ላይ ቀይ ነጥብ ወይም ቀይ ክር ካወጣ ቀዳዳው ማዶ ወጥቷል። ካላወጣ፣ ቀለሙ ያረፈበትን ፊት በጨርቅ ጠርጋችሁ ነጩን በዚያም ርጩበት፤ ገና ማዶ ያልደረሰ ስንጥቅም ይታያል። ከጨረሳችሁ በኋላ ወደ ወተት የሚመለስ ስለሆነ በሙቅ ኮስቲክ በደንብ እጠቡት። 60ውን ሁሉ በቀለም መመርመር ጊዜ ከወሰደባችሁ የተፓስተረው ወተት ጥሬውን ከሚያሞቅበት ክፍል ያሉትን አንድም አታስቀሩ። ሌላው ክፍል ቢበሳ ወተቱ ውሃ ይቀላቀልበታል። እዚያ ቢበሳ ግን ጥሬ ወተት ታሽጎ ወደ ሕፃን ጡጦ ይሄዳል።

የተበሳ ፕሌት አይበየድም። መለወጫ እስኪመጣ ከተቸገራችሁ፣ የተበሳውን ከጎረቤቱ ጋር ጥንድ አድርጋችሁ ማውጣት ይቻላል፤ በፕሌቱ ላይ የታተመው የሽብልቅ ቅርጽ ጫፍ ወደ ላይና ወደ ታች እያፈራረቀ ስለሚገጥም አንድ ብቻ ካወጣችሁ ተከታታዩ ይበላሻል። የምታወጧቸው አራቱም ማዕዘን የተበሳላቸው ተራ ፕሌቶች ይሁኑ እንጂ ፍሰት የሚያዞሩት ወይም ክፍል የሚለያዩት አይሁኑ። ካወጣችሁ «ኤ» ይቀንሳል። ለምሳሌ 60 ፕሌት በ180 ሚሊ ሜትር ከነበረ እያንዳንዱ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ 58 ሲሆን 174 ይሆናል። ይህን ሳያሰሉ በድሮው ልክ የገጠሙት ጥቅል ያፈሳል።

ስትገጥሙ የጋስኬቱ ፊት ወደ ቋሚው ሳህን ይዙር። ጎድጓዳውንና ጎማውን በንጹህ ጨርቅ አብሱ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ለማፍሰስ ትበቃለች። ጋስኬቱን ዘይት ወይም ግሪስ አትቀቡ፤ ግሪስ ለቡሎኑ ጥርስ ነው። ጥቅሉ በትክክል ከገባ ጠርዙን ከጎን ስታዩት የንብ ማር እንጀራ ቅርጽ ይታያል፤ አንድ ቦታ ቅርጹ ከተቋረጠ ፕሌት ተገልብጧል።

የቡሎኑ ጥያቄ መልሱ በጉልበት ሳይሆን በሜትር ነው። ያን ያህል ኪሎ ኃይል የሚባል ነገር የለም፤ የምታጠብቁት እስከ «ኤ» ነው። በሰያፍ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ፣ በየዙሩ ለኩ፣ በየቡሎኑ ያለው ልዩነት ከ2 ሚሊ ሜትር አይለፍ። አዲስ ጋስኬት ከሆነ በትልቁ «ኤ» ቁሙ። ካፈሰሰ ግፊቱን አውርዳችሁ ጥቂት ጨምሩ፤ ከትንሹ «ኤ» በታች ግን በምንም ምክንያት አትውረዱ። እዚያ ላይ ደርሶም ካፈሰሰ ጎማው ነው የተበላሸው፤ መጨመሩ ጉብታዎቹን ደፍጥጦ አዲስ ስንጥቅ ይፈጥራል። ግፊት እያለ ደግሞ ዳዶ አይነካም።

ከዚያ በውሃ ሞክሩት። በአየር አይደለም፤ የታመቀ አየር ቢፈነዳ ይገድላል። የወተቱን ወገን በቀዝቃዛ ውሃ ሞልታችሁ የሥራውን ግፊት ስጡት፣ የሌላውን ወገን የታችኛው አፍ ክፈቱ፣ 30 ደቂቃ ጠብቁ። በአንድ ወገን ብቻ የሚፈቀደው የግፊት ልዩነት ሰሌዳው ላይ ስላለ እሱን አትለፉ። ከክፍቱ አፍ የማይቆም ጠብታ ከወጣ የተበሳ አለ ማለት ነው፤ ያን ወገን በአየር አድርቃችሁ ፍቱ፣ በደረቁ ፊት እርጥብ ሆኖ የምታገኙት ፕሌት እሱ ነው።

ሥራ ሲጀምር የተፓስተረው ወገን ግፊት ከጥሬው ወገን ግፊት መብለጡን አረጋግጡ፤ የአሜሪካ የወተት ደንብ ቢያንስ 0.07 ባር ይላል፣ ከዚያ ሰፋ ቢል ይሻላል። እንዲህ ከሆነ ፕሌት ቢበሳ እንኳ የተፓስተረው ወደ ጥሬው ይሄዳል እንጂ ጥሬው ወደ ተፓስተረው አይመጣም። ከመጀመሪያው ምርት ናሙና ወስዳችሁ የፎስፋቴዝ ምርመራ አሠሩ፤ ጥሬ ወተት ከገባበት ያሳያል።

አንድ የቀረ ነገር፣ መብራት ሲጠፋ። ፓምፑ ይቆማል፣ ፕሌቱ ግን ሙቅ ነው፣ ውስጡ የቆመው ወተት እዚያው ይጋገራል። የአንድ ቀን ቅርፊት በደቂቃዎች የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ከጣራ ታንከር በስበት የሚወርድ ውሃ ወደ ወተቱ መግቢያ የሚያስገባ ቫልቭ ካበጃችሁ፣ እንፋሎቱን ዘግታችሁ ወተቱን በውሃ ገፍታችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። መብራቱ ሲመለስ ያንን ወተት አትቀጥሉበት፤ ከመጀመሪያው ሲአይፒ አዙራችሁ ጀምሩ።